ከለንደን ቶኪዮ ስንት ነው? በማስመሪያ፣ በክርና በስሌት የለካሁበት ማስታወሻ

1ኛ ቀን፣ ማታ

ነገሩን የጀመረው የ11 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ነው። "ከለንደን ቶኪዮ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በአውሮፕላንስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ፈለግሁለት። አንዱ ቦታ 9,560 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይላል። ሌላው 9,615 ይላል። የበረራው ሰዓት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። አንዱ ጋ ከ11 ሰዓት በታች፣ አንዱ ጋ 12፣ አንዱ ጋ 14።

"አጎቴ፣ ትክክሉ የትኛው ነው?"

የምመልስለት አልነበረኝም። ስለዚህ ራሳችን እንለካው ተባባልን። ያወጣነው ደንብ አንድ ብቻ ነው። የራሳችንን ቁጥር ሳናገኝ የሌላ ሰው ቁጥር አናይም።

ቤት ውስጥ የተገኘው ዕቃ ይኸው፦ 120 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ የግድግዳ ካርታ፣ ዲያሜትሩ 30 ሳንቲ ሜትር ነው የተባለ ሉል፣ ማስመሪያ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ የስፌት ክር፣ ፕላስተርና ኮምፒውተር።

ገና ሳንጀምር አንድ ነገር አከራከረን። ከየት እስከ የት ነው የምንለካው? ለንደንም ቶኪዮም ሰፋፊ ከተሞች ናቸው። የሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ብቻ ከለንደን መሃል ወደ ምዕራብ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መነሻችንን ካልወሰንን መልሳችን ከመጀመሪያው በአሥር ኪሎ ሜትሮች ይዛባል። ጥያቄው የአውሮፕላን ስለሆነ ከሂትሮው እስከ ቶኪዮው አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሃኔዳ እንዲሆን ተስማማን። ደብተሩ ላይ እንዲህ ጻፍን፦

ሂትሮው፦ 51.47 ዲግሪ ሰሜን፣ 0.45 ዲግሪ ምዕራብ
ሃኔዳ፦ 35.55 ዲግሪ ሰሜን፣ 139.78 ዲግሪ ምሥራቅ

2ኛ ቀን

በቀላሉ ጀመርን፤ በማስመሪያ። ካርታው ከዳር እስከ ዳር 120 ሳንቲ ሜትር ነው። የምድር ወገብ ዙሪያ 40,075 ኪሎ ሜትር ነው። ሲካፈል አንድ ሳንቲ ሜትር 334 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከለንደን እስከ ቶኪዮ 47.3 ሳንቲ ሜትር አገኘን። ተባዝቶ 15,800 ኪሎ ሜትር ገደማ መጣ።

ልጁ ደስ አለው። እኔ ግን ካርታውን ቆም ብዬ አየሁት። ግሪንላንድ ከአፍሪካ ጋር እኩል ሆና ትታያለች። አፍሪካ ግን ከግሪንላንድ 14 እጥፍ ያህል ትሰፋለች። ይህ የመርካቶር ካርታ ነው። ገራርዱስ መርካቶር እ.ኤ.አ. በ1569 ያወጣው ለመርከበኞች ነበር። አንድ ሰው ኮምፓሱን በአንድ አቅጣጫ ይዞ ሳይቀይር ከሄደ፣ መንገዱ በዚህ ካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይወጣል። ለባሕር ጉዞ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር ካርታው እየተለጠጠ ይሄዳል። 60 ዲግሪ ላይ ሁሉም ነገር በቁመትም በጎንም ሁለት እጥፍ ሆኖ ይታያል። ለንደን አካባቢ መለጠጡ 1.6 እጥፍ ነው፤ ቶኪዮ አካባቢ 1.2 እጥፍ።

ስለዚህ የ334 ኪሎ ሜትሩ መለኪያ ምድር ወገብ ላይ እንጂ እዚያ ላይ አይሠራም። መስመሩን ቆራርጠን እያንዳንዱን ቁራጭ በራሱ ኬክሮስ መለኪያ አስተካከልነው። ድምሩ ወደ 11,340 ኪሎ ሜትር ወረደ። በአንድ ማስመሪያ ስህተት 4,460 ኪሎ ሜትር ተርፎን ነበር ማለት ነው።

መስመሩ የሚያልፍበትንም መዘገብን፦ ጀርመን፣ ዩክሬን፣ ደቡብ ካዛኪስታን፣ ሰሜን ቻይና፣ ኮሪያ። ልጁ "በቃ፣ ይኸው መንገዱ!" አለ። ነገ በሉል እናየዋለን አልኩት።

3ኛ ቀን

የዛሬው ሥራ ከሁሉም ቀን ይበልጥ ወደድኩት።

መጀመሪያ ሉሉን ራሱን ፈተንነው። ዲያሜትሩ 30 ከሆነ ዙሪያው 94.2 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ሜትሩን በምድር ወገብ ላይ ስናዞረው 94.6 ሆነ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ግን የለካነውን እንጂ የተጻፈውን አንይዝም። አንድ ሳንቲ ሜትር በእኛ ሉል 423.6 ኪሎ ሜትር ሆነ።

ቀጥሎ የስፌት ክሩን ከለንደን እስከ ቶኪዮ ወጠርን። 22.1፣ 22.4፣ 22.0። ሦስት ጊዜ ለክተን ሦስት ዓይነት መልስ አገኘን። ምክንያቱን ያገኘው ልጁ ነው። ክሩ ይለጠጣል። ሉሉ ላይ ወጥረን ስንይዘው ይረዝማል፤ አውጥተን ማስመሪያ ላይ ስናጋድመው ይሰበሰባል። በማይለጠጥ ናይሎን ክር ቀየርነው። 22.6፣ 22.7፣ 22.6 መጣ። አማካዩ በ423.6 ሲባዛ 9,590 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ቁጥሩ ደስ ይላል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ልጁ ክሩን መጀመሪያ ያስቀመጠው በትናንቱ መንገድ ነበር፤ በካዛኪስታንና በቻይና በኩል። ጫፎቹን በጣቱ ይዞ ሲወጥረው ክሩ ከእጁ ሥር ተንሸራቶ ወደ ሰሜን ወጣ። እንደገና ደቡብ ላይ አስቀመጠው። ሲወጥረው እንደገና ወጣ።

"ለምንድነው ወደ ላይ የሚሄደው?"

ክር ሲወጠር አጭሩን መንገድ ይዞ ነው የሚያርፈው። ሉል ላይ አጭሩ መንገድ የታላቁ ክብ ቅስት ነው፤ ምድርን ልክ መሃል ለመሃል የሚከፍለው ክብ። እኛ አልመራነውም። እሱ ራሱ አገኘው። መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ክር ከጣት ሥር ሲያመልጥ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው።

መንገዱን ተከተልነው። ከለንደን ተነስቶ ሰሜን ባሕርን ያቋርጣል። በኦስሎ አጠገብ ያልፋል፣ ስዊድንን ይሻገራል፣ ከዚያ ወደ አርክቲክ ይወጣል። ኖቫያ ዜምሊያ የተባሉትን የሩሲያ ደሴቶች ደቡባዊ ጫፍ ነክቶ፣ የያማልን ባሕረ ገብ መሬት አቋርጦ፣ በሳይቤሪያ ላይ እየወረደ ወደ ጃፓን ባሕር ይገባል። ከፍተኛው ነጥቡ 71 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው። ሁለቱም ከተሞች ከ52 ዲግሪ በታች ሆነው መንገዳቸው 71 ይደርሳል። ጠፍጣፋው ካርታ ላይ ይህ ትልቅ ጠመዝማዛ መስሎ ይታያል። ሉሉ ላይ ቀጥ ያለ ነው።

4ኛ ቀን

የስሌት ቀን። ከሞላ ጎደል ቀኑን ሙሉ የበላው አንድ ስህተት ነው። ስለዚህ በዝርዝር ልጻፈው፤ ሌላ ሰው ጊዜውን ያተርፍበታል።

የተጠቀምኩት የሉል ኮሳይን ሕግ ነው። በቃል ሲነገር እንዲህ ነው፦ የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን አባዛ። የሁለቱን ኬክሮሶች ኮሳይንና የኬንትሮሶቹን ልዩነት ኮሳይን አባዛ። ሁለቱን ደምር። የድምሩን አርክ ኮሳይን ውሰድ፤ ይህ ከምድር እምብርት ሆኖ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ማዕዘን ነው። በምድር አማካይ ራዲየስ፣ በ6,371 ኪሎ ሜትር አባዛው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ምዕራብ ኬንትሮስ በኔጋቲቭ ነው የሚገባው። ሂትሮው ‎-0.45 ነው። ልዩነቱ 140.23 ዲግሪ ይሆናል እንጂ 139.33 አይደለም።

ኤክሴል ላይ አስገባሁት። መልሱ 14,950 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሆነ።

የቁጥሩ ክፋት እውነት መምሰሉ ነው። የትናንት ወዲያው የማስመሪያ ውጤት 15,800 ነበር። "ምናልባት ክሩ ነው የተሳሳተው" ብዬ አሰብኩ። ሁለት ስህተቶች እርስ በርሳቸው ሲደጋገፉ ሰውን ያሳምናሉ። ቁጥሩ ከ20,000 ቢበልጥ ኖሮ ወዲያው አውቀው ነበር፤ ምድር ላይ ከዚያ ብዙም የሚራራቁ ሁለት ቦታዎች የሉም። 14,950 ግን ምንም ምልክት አይሰጥም።

ያዳነኝ መልሱን አስቀድሜ የማውቀው ፈተና ነው። ምድር ወገብ ላይ በአንድ ዲግሪ ኬንትሮስ የሚለያዩ ሁለት ነጥቦችን አስገባሁ። መልሱ 111 ኪሎ ሜትር መሆን አለበት። ኤክሴል 6,371 አለኝ። የራዲየሱን ቁጥር ራሱን! ያኔ ገባኝ። ኤክሴል ማዕዘንን የሚያነበው በራዲያን ነው። እኔ አንድ ዲግሪ ብዬ ያስገባሁትን እሱ አንድ ራዲያን ብሎ ተረድቶታል። አንድ ራዲያን ማለት ደግሞ ልክ የራዲየሱን ያህል ቅስት ነው። ሁሉንም ዲግሪ በፓይ አባዝቼ ለ180 አካፈልኩ። ፈተናው 111.2 ሰጠ። ለንደንና ቶኪዮን መልሼ ሳስገባ 9,591 ኪሎ ሜትር መጣ። ከክሩ ጋር ተገናኘ።

ልጁን ጠርቼ አሳየሁት። "ክሩ ልክ ነበር እንዴ?" አለና ክሩን ከመሳቢያ አውጥቶ እንደገና አየው።

ለአጫጭር ርቀት፣ ለምሳሌ በአንድ ከተማ ውስጥ ላሉ ሁለት ቦታዎች፣ ሃቨርሳይን የሚባለው ቀመር ይሻላል። የኮሳይኑ ሕግ ማዕዘኑ በጣም ትንሽ ሲሆን በአስርዮሽ ማጠጋጋት ይሳሳታል። ለእኛ ርቀት ሁለቱም አንድ መልስ ነው የሰጡኝ።

5ኛ ቀን

አሁን የሰው ቁጥር ማየት ይቻላል። 9,615 የሚለውን ከኛ 9,591 ጋር አስተያየን። 24 ኪሎ ሜትር ጎደለን። የት ገባ?

ምድር ፍጹም ሉል አይደለችም። ወገቧ ላይ ትንሽ ወፈር ትላለች። የጂፒኤስ መሠረት በሆነው ደብልዩ ጂ ኤስ 84 ልኬት መሠረት በወገቧ በኩል ራዲየሷ 6,378.137 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዋልታዋ በኩል 6,356.752። ልዩነቱ 21 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ቢሆንም ረጅም ርቀት ላይ ይታያል። ታዴየስ ቪንሰንቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው የስሌት ዘዴ ይህን ጠፍጣፋነት አስገብቶ ያሰላል። እኔ ከእሱ ቀለል ያለውን የላምበርት ማስተካከያ ሞከርኩ። 9,615 መጣ። ጎደለ ያልነው ተገኘ።

9,560 የሚለውስ? እሱ ከከተማ መሃል እስከ ከተማ መሃል ነው። በመጀመሪያው ማታ የተከራከርንበት ነገር መሆኑ ነው።

ሌላም ሒሳብ ሠራሁ፤ ለራሴ ደስታ። አውሮፕላን መሬት ላይ አይሄድም፤ 11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ክቡ ከፍ ሲል ይሰፋል። መንገዱ በ17 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የምድር መጨፍለቅና የበረራው ከፍታ እዚህ ላይ የሚያመጡት ለውጥ ተቀራራቢ መሆኑን አልጠበቅሁም ነበር።

6ኛ ቀን

ወደ ሰዓቱ ገባን።

ዘመናዊ ረጅም በረራ አውሮፕላኖች፣ እንደ ቦይንግ 787ና ኤርባስ ኤ350 ያሉት፣ በማክ 0.85 አካባቢ ነው የሚጓዙት። ይህ ማለት ከድምፅ ፍጥነት 85 በመቶ ነው። የድምፅ ፍጥነት ደግሞ በአየሩ ሙቀት ይወሰናል። 11 ኪሎ ሜትር ላይ መደበኛው ሙቀት ከዜሮ በታች 56.5 ዲግሪ ነው። እዚያ ላይ ድምፅ በሰዓት 1,062 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። 85 በመቶው 903 ይሆናል።

9,615 ለ903 ሲካፈል 10 ሰዓት ከ39 ደቂቃ። ከ11 በታች የሚለው ቁጥር ከዚህ ነው የመጣው። ርቀትን በፍጥነት አካፍሎ ያቆመ ሰው ቁጥር ነው።

ሲነሳና ሲያርፍ ግን አውሮፕላኑ በዚህ ፍጥነት አይሄድም። ከመነሻውም ወዲያው ወደ ቶኪዮ አይዞርም፤ ነፋሱ ወዳለበት ተነስቶ፣ የተመደበለትን መስመር ይዞ ነው የሚወጣው። ለዚህ 30 ደቂቃ ጨመርኩ። ከዚያ መሬት ላይ የሚያዘግምበት አለ። የአየር መንገድ መርሐ ግብር የሚጽፈው ብሎክ ታይም የሚባለውን ነው። አውሮፕላኑ ከቆመበት በር ከተነቃነቀበት ደቂቃ እስከ ሌላው በር ቆሞ እስኪታሰር ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ለዚህ 25 ደቂቃ ያዝኩ። ድምሩ 11 ሰዓት ከ34 ደቂቃ። 12 ከሚለው ጋር ተቀራረበ።

ሰዓት ስናነጻጽር ልጁ አንድ ጊዜ ተሳስቶ ነበር። ለምሳሌ በአውሮፓ የብርድ ወራት ከለንደን 19:00 ላይ የተነሳ በረራ በማግስቱ 18:00 ላይ ቶኪዮ ቢደርስ፣ ሲቀነስ 23 ሰዓት ይመስላል። ቶኪዮ ግን ከለንደን በ9 ሰዓት ትቀድማለች። 14 ሰዓት ነው የሚቀረው። በአውሮፓ የሙቀት ወራት ለንደን ሰዓቷን በአንድ ወደፊት ስለምትገፋ ልዩነቱ 8 ይሆናል፤ ጃፓን ሰዓት አትቀይርም። ከዚህ በኋላ ሁሉንም በዩቲሲ፣ ለዓለም ሁሉ አንድ በሆነው ሰዓት፣ እንጽፋለን ብለን ተስማማን።

የቀረው የ14 ሰዓቱ ጥያቄ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ከየት መጣ?

7ኛ ቀን

መልሱን ያገኘነው የበረራ መከታተያ ካርታ ላይ ነው። ከለንደን ወደ ቶኪዮ የሚሄድ አንድ አውሮፕላን አየን። ኦስሎ አጠገብ የለም። ጥቁር ባሕር ላይ ነው። ልጁ "ጠፍቶበት ነው?" ብሎ ጠየቀ።

አልጠፋበትም። ሩሲያ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2022 መጨረሻ ጀምሮ የአየር ክልሏን ለብሪታንያና ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች አየር መንገዶች ዘግታለች። እነሱም ቀድመው ለሩሲያ አውሮፕላኖች ዘግተው ነበር። የጃፓን አየር መንገዶችም በዚያ አይበሩም። የክራችን መንገድ አብዛኛው ሩሲያ ላይ ነው። ስለዚህ በእርሱ መሄድ አይቻልም። የቻይና አየር መንገዶች ግን አሁንም በሩሲያ ላይ ያልፋሉ። ከአውሮፓ ቻይና በሁለት አየር መንገድ ሁለት ዓይነት ሰዓት የሚፈጅበት ምክንያት ይህ ነው።

ሉሉ ላይ አዲስ መንገድ ሠራን። ቀይ ክር ወሰድን። ከለንደን ኢስታንቡል፣ ከኢስታንቡል ባኩ፣ ከባኩ አልማቲ፣ ከአልማቲ ቤይጂንግ፣ ከቤይጂንግ ቶኪዮ፤ በየማዕዘኑ በፕላስተር አሰርነው። አውሮፕላን ልክ በእነዚህ ከተሞች ላይ ያልፋል ማለቴ አይደለም፤ የመንገዱን ቅርፅ እንዲይዙልን ነው። እያንዳንዱን ቅስት ለብቻው አሰላሁ። 2,523፣ 1,759፣ 2,250፣ 3,277፣ 2,106። ድምሩ 11,915 ኪሎ ሜትር።

ለ903 ሲካፈል 13 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። መነሳትና ማረፉ ሲጨመር 13 ከ42። የመሬት ላዩ ሲጨመር 14 ሰዓት ከ7 ደቂቃ። ልጁ እጁን አጨበጨበ።

ይህን ቁጥር ሳገኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይህ መንገድ አዲስ ችግር አይደለም። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመንም የሶቪየት ኅብረት ሰማይ ለምዕራባውያን አየር መንገዶች በአብዛኛው የተዘጋ ነበር። የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1957 ከኮፐንሃገን ቶኪዮ በሰሜን ዋልታ በኩል መብረር ጀመረ፤ በዲሲ-7ሲ አውሮፕላን፣ በአላስካዋ አንኮሬጅ ነዳጅ እየቀዳ። ከዚያ በኋላ አንኮሬጅ ለብዙ ዓመታት በአውሮፓና በጃፓን መካከል የታወቀች ማቆሚያ ሆነች። የሶቪየት ሰማይ ሲከፈት መንገደኞቿ ሄዱ። ልጁ አንኮሬጅን ሉሉ ላይ ፈልጎ ሲያገኛት "ይህቺ እኮ ሌላ ወገን ናት" አለ። እውነቱን ነው፤ ከቶኪዮ ወደ ምሥራቅ ወጥቶ ነው ወደ ለንደን የሚመጣው።

8ኛ ቀን

የመልሱን በረራ ስናይ ሌላ እንቆቅልሽ መጣ። ከቶኪዮ ወደ ለንደን የሚሄደው አውሮፕላን ቀዩን ክር አልተከተለም። በፓስፊክ ላይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወጥቶ፣ በአላስካና በግሪንላንድ በኩል ነው የሄደው። የ1957ቱን መንገድ ይመስላል፤ ማቆሚያ የለውም እንጂ።

በሰማያዊ ክር ለካነው። ከቶኪዮ አንኮሬጅ 5,565፣ ከአንኮሬጅ ለንደን 7,201። ድምር 12,766 ኪሎ ሜትር። ከቀዩ በ851 ኪሎ ሜትር ይረዝማል።

"አጭር መንገድ እያለ ለምን ረጅሙን?"

ጥያቄው ሌሊት ተከተለኝ። መልሱ ነፋስ ነው።

ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ጄት ስትሪም የሚባል ጠባብና ኃይለኛ የነፋስ ወንዝ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። በጃፓን ሰማይ ላይ ያለው በአገሩ የብርድ ወራት ከዓለም ብርቱዎቹ አንዱ ነው። መጀመሪያ በሚገባ የለካውም ጃፓናዊ ነው፤ ዋሳቡሮ ኦይሺ። በጃፓኑ የታቴኖ የአየር ጥናት ጣቢያ በ1920ዎቹ ፊኛ እየለቀቀ፣ ፊኛው ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ በመነጽር እየተከተለ መዘገበ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1926 ያሳተመው ለዓለም አቀፍ መግባቢያ በተፈጠረው በኤስፔራንቶ ቋንቋ ነው፤ ዓለም ሁሉ እንዲያነበው ብሎ። ያነበበው ግን ጥቂት ሰው ነበር። በ1944 ጃፓን ላይ የዘመቱ የአሜሪካ ቢ-29 አውሮፕላኖች በዚያ ነፋስ ተገርመዋል። ስለ ኦይሺ ሳስብ አዝናለሁ። ልፋቱ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ታትሞ ተቀምጦ ነበር።

ወደ ስሌቱ። አውሮፕላን የሚጓዘው በአየር ውስጥ ነው። 903 የአየር ውስጥ ፍጥነቱ ነው። አየሩ ራሱ ወደ ምሥራቅ በ50 ኪሎ ሜትር ከሄደ፣ መሬት ላይ ያለው ፍጥነት 953 ይሆናል። ሲመለስ 853። በቀዩ መንገድ ሄዶ መሄጃው 12 ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው 13 ከ58። አንድ ሰዓት ከ28 ደቂቃ ልዩነት።

ልጁ "ሲሄድ ያተረፈውን ሲመለስ ይከፍላል፣ ድምሩ እኩል ነው" አለ። ደምረን አየን። ነፋስ በሌለበት ደርሶ መልስ 26 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ነው። ነፋስ ሲኖር 26 ከ28። አምስት ደቂቃ ይበልጣል። ነፋሱን ተቃውሞ የሚሄድበት ጊዜ ራሱ ይረዝማልና፣ የሚጎዳበት ሰዓት ከሚጠቅምበት ሰዓት ይበልጣል። ይህን ልጁ ደብተሩ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

አሁን እንቆቅልሹ ተፈታ። ሰማያዊው መንገድ ነፋስ ባይነካው 14 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ነው። ቀዩ መንገድ በመመለሻው ስንት ተቃራኒ ነፋስ ቢኖረው ነው ከዚህ የሚብሰው? 11,915ን ለ14.14 አካፈልኩ፤ 843 መጣ። ከ903 ሲቀነስ 60። በቀዩ መንገድ ላይ አማካዩ ተቃራኒ ነፋስ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ከበለጠ፣ 851 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መንገድ ቀድሞ ያደርሳል። 60 ደግሞ እዚያ ከፍታ ላይ፣ በተለይ በብርዱ ወራት፣ ብዙ አይደለም።

በእርግጥ ሰማያዊውም መንገድ የራሱ ነፋስ አለው። በየቀኑም ይለዋወጣል። የበረራ ዕቅድ የሚያወጡ ሰዎች በየበረራው የነፋሱን ትንበያ ወስደው እንደገና ያሰላሉ። ነፋሱ የሚደክምበት ቀን በቀዩ የሚመለስ ቢኖር አይገርመኝም።

9ኛ ቀን

አጭር ቀን። ክሮቹን ለመጨረሻ ጊዜ ለካን። ቀዩ 28.1፣ ሰማያዊው 30.1፣ ነጩ ናይሎን 22.6 ሳንቲ ሜትር። ደብተሩ ላይ ከእያንዳንዱ ጎን ሰዓቱን ጻፍን፤ ከየት እስከ የት እንደተለካም ጭምር።

ሉሉን ወደ መደርደሪያው ልመልሰው ስል ክሮቹን መፍታት ጀመርኩ። ነጩ ላይ ስደርስ ልጁ እጄን ያዘኝ። "እሱን ተወው አጎቴ፣ ሲከፈት በእሱ ይሄዳሉ።" ቀዩንና ሰማያዊውን ፈታሁ። ነጩ አሁንም ኖቫያ ዜምሊያ ላይ በፕላስተር እንደታሰረ ነው።